ሰንበት የማያውቅ ሳጥን፦ ከአሽቀሎን ሐደራ ደርሶ መልስ

ዓርብ ንጋት፣ አሽቀሎን

ዓርብ ቀን ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ ተቀጣሪ። እኔ ተቀጣሪ ነኝ። ጎህ ሲቀድ የመሣሪያ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ስወጣ ሚስቴ ከአልጋዋ ሳትነሣ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ አዳነ፣ ሰንበት ሳይገባ ተመለስ። ዓርብ ባቡሩ ከቀትር በኋላ ይቆማል። ካመለጠኝ እስከ ቅዳሜ ምሽት ሐደራ መቅረቴ ነው፤ ሰንበት ከገባ መኪና ላይ አልወጣም፣ ስልክም አልነካም። እናቴ ከጎንደር ይዛ የመጣችው ትልቁ ዕቃዋ ሰንበቷ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ እኔ ከበፊቱ ብሼ ቁጭ አልኩ።

ሰማዩ ደመና ነው፤ ዝናብ ግን የለም። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቦሬካስ፣ አይብ የተሞላ ቂጣ፣ የሚሸጠው ሰውዬ ዋጋ ጨምሯል፤ ቦሬካሱ ግን አንሷል። ለምን ብዬ ብጠይቀው ጦርነቱ ነው አለኝ። አሁን አሁን ለሁሉም ነገር መልሱ ይኸው ነው።

ጠዋት፣ ባቡር ውስጥ

ከፊት ለፊቴ አንዲት ወታደር መሣሪያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ከጎኗ ያሉ ሽማግሌ እንዳይነኳት ብለው ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ተቀምጠዋል። የሁሉም ሰው ስልክ ጉልበቱ ላይ ነው፤ ፊቱ ወደ ላይ። አንዱ ስልክ ድንገት ጮክ ብሎ ቢጠራ ፉርጎው ሙሉ ሰው ብድግ ይላል።

ባቡሩ እስኪደርስ የሄድኩበትን ጉዳይ ልንገራችሁ። ሥራዬ የራዲዮ ጣቢያዎችን የአደጋ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መቀየርና ማደስ ነው። ድሮ ማስጠንቀቂያው ለጣቢያው በስልክ መስመር ይመጣና ጋዜጠኛው ሙዚቃውን አቁሞ በአፉ ይናገር ነበር። አሁን ያ ቀርቷል። አዲሱ ሳጥን መልእክቱን ራሱ ይቀበላል፣ ፕሮግራሙን ራሱ ይቆርጣል፣ አስቀድሞ በተቀዳ ድምፅ የትኛው ከተማ ሰው መጠለያ መግባት እንዳለበት ራሱ ይናገራል። ሰው እስኪነቃ፣ ሰው እስኪሮጥ አይጠብቅም። ጥሩ ሳጥን ነው። አልዋሽም፣ እወደዋለሁ።

ሐደራ ውስጥ አንዲት ትንሽ የአማርኛ ራዲዮ አለች። ዕብራይስጥ ቶሎ የማይገባቸው አዛውንቶች ጆሯቸውን የጣሉት እሷ ላይ ነው። ይህች ራዲዮ ከሌሎቹ የምትለይበት አንድ ልማድ አላት፤ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ዝም ትላለች፣ ግን አትዘጋም። አዛውንቶቹ ሰንበት ሳይገባ ራዲዮናቸውን ከፍተው ይተዉታል። ሌሊቱንም ቀኑንም ምንም አይሰማም። አደጋ ከመጣ ብቻ ያው ዝም ያለው ራዲዮ በአማርኛ ይናገራል። ማንም ቁልፍ አይነካም፣ የማንም ሰንበት አይሻርም።

ከጥቂት ወራት በፊት ሌላ ድርጅት አዲሱን ሳጥን ተከለላቸው። ሳጥኑ ውስጥ የዝምታ ጠባቂ የሚባል ነገር አለ። ጣቢያው ለረጅም ጊዜ ድምፅ ካጣ፣ ስቱዲዮው ሞቷል ብሎ ያስብና የተቀመጠለትን መጠባበቂያ ዘፈን ያጫውታል። በዓለም ላይ ላለ ጣቢያ ሁሉ ይህ መልካም ነገር ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሆን ብሎ ዝም የሚል ጣቢያ መኖሩን ለሳጥኑ የነገረው ሰው አልነበረም። የተከሉት ሰዎች መጠባበቂያ ዘፈን ስጡን ሲሏቸው ደግሞ የራዲዮዋ ልጆች፣ እንግዲህ ጣቢያው ቢበላሽ እንኳ ሕዝቡ አይከፋው ብለው፣ የሰርግ ዘፈን ሰጡ።

የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። በመጀመሪያው ሰንበት፣ ገና በጠዋቱ፣ በሐደራ አዛውንቶች ቤት ሁሉ ሙሽራ ይዘፈን ጀመር። ማጥፋት አይቻልም፤ ሰንበት ነው። ትራስ የጫነበትም አለ፣ ቤቱን ለቆ ደረጃ ላይ የተቀመጠም አለ። እስክስታው ከዋክብት እስኪታዩ ድረስ ዋለ።

ሲነግሩኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ዛሬ አልስቅም።

ረፋድ፣ ሐደራ

የባቡር ጣቢያው ከከተማው ምዕራብ፣ ከመሀል ሐደራ ራቅ ብሎ ነው ያለው። በባሕሩ በኩል የኤሌክትሪክ ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ደመናው ውስጥ ገብተዋል። በመንገዱ ዳር ባሕር ዛፍ ተሰልፏል። ድሮ እዚህ ረግረግና ወባ ነበረ፤ ባሕር ዛፉን የተከሉት ውኃውን እንዲመጥ ነው ይላሉ። ሽታው ለእኛ ሰው የአገር ቤት ሽታ ነው፤ ዛሬ ግን እሱም እርጥብ አቧራ እርጥብ አቧራ አለኝ።

የሙኒቱ፣ የታክሲው፣ ሹፌር የእኛ ልጅ ሆኖ አገኘሁት። በሕፃንነቱ፣ ያኔ ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ስንጋዝ የመጣ ነው። ለማን ሥራ እንደመጣሁ ስነግረው በመስተዋቱ ትክ ብሎ አየኝ።

«እናቴ ያንን ራዲዮ ስሙን አትጥሩብኝ ትላለች» አለኝ። «እኔ ሸባት፣ በሰንበት ቀን፣ እነዳለሁ፣ እሷ ብቻዋን ናት። አዛካ፣ የአደጋው ጡሩምባ፣ ሲነፋ ማን እንደሚያወርዳት ታውቃለህ? ማንም።»

ስወርድ የገንዘቤን መልስ ሰጠኝና መስኮቱን ዘጋ።

ኢንዱስትሪ ዞን፣ ጣቢያው ውስጥ

ጣቢያው ከአንድ የአሉሚኒየም መስኮት መሥሪያ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጋዙ ሲጮህ የስቱዲዮው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ኃላፊዋ ዝናሽ ናት፤ ዜና አንባቢም እሷ፣ ሒሳብ ያዥም እሷ፣ ወለል ጠራጊም እሷ። የስልክ ድምፅዋን ስሰማ ወፍራም ሴት መስላኝ ነበር፤ ቀጭን፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ ሆና አገኘኋት።

ያን ሰንበት እሷም እቤቷ ሆና ሰምታለች። ቤቷ ከከተማው ማዶ ነው። መኪና አትነዳ ነገር ሰንበት ነው፤ በእግሯ ተነሥታ እዚህ ድረስ መጣች። የሕንፃው በር በኤሌክትሪክ ቁልፍ ነው የሚከፈተው። እጇን ዘርግታ፣ መልሳ ሰበሰበች። ደግሞስ ገብቶ ሳጥኑን መንቀል ያው መሻር አይደል? ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ የራሷ ጣቢያ በአንድ ሰው መስኮት በኩል ሲዘፍን እየሰማች እስኪመሽ ዋለች። ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን አታየኝም፤ የማይክሮፎኑን ገመድ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ዓርብ ዓርብ ማሠራጫውን ጨርሰው ያጠፉታል። አዛውንቶቹም ራዲዮናቸውን ነቅለዋል። ይህ ቀላል ነገር መስሎ የቆየው እንግዲህ እስካለፈው ቅዳሜ ነው። ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሐደራ ላይ አዛካ ተነፋ። እማማ ይታይሽ የሚባሉ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጆሯቸው የደከመ እናት አልሰሙም። ሕንፃው አሮጌ ነው፤ በየቤቱ ማማድ፣ የመጠለያ ክፍል፣ የለውም፤ ሚቅላቱ፣ የጋራ መጠለያው፣ ምድር ቤት ነው። ጎረቤቶቹ ወርደው፣ ቆይተው፣ ተመልሰው ሲወጡ እማማ በራቸው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጸልዩ ነበር። ፍንዳታውን እንኳ አልሰሙትም፤ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከባድ መኪና ያለፈ መሰላቸው።

«ድሮ ባላቸው ናቸው የሚቀሰቅሷቸው» አለች ዝናሽ። «እሳቸው ሞቱ። የቀራቸው ራዲዮኑ ነበር። አሁን ራዲዮኑም የለ። እማማ ካላበሩት የሠራኸው ሁሉ ስታም ነው፣ አዳነ። ከንቱ። ሌሎቹም እሳቸውን ነው የሚያዩት።»

ለምን እሳቸውን ብዬ ጠየቅሁ። ያ ሙሽራ የተዘፈነበት ሰንበት ባላቸው ከተቀበሩ ከአራት ቀን በኋላ ነበር። ሐዘንተኛ ቤት ውስጥ፣ ነጠላ ባዘቀዘቁ ሴቶች መሀል፣ የሟች ራስጌ የነበረው ራዲዮ ቀኑን ሙሉ ሰርግ ሲዘፍን ዋለ።

ሻንጣዬን ከፈትኩና ሥራዬን ጀመርኩ።

ሥራው ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። አዲስ ፕሮግራም ጫንኩበት። የዝምታ ጠባቂው ዓርብ ሰንበት ሲገባ እንዲተኛ፣ ቅዳሜ ሰንበት ሲወጣ እንዲነቃ አደረግሁ፤ የፀሐይዋን መጥለቂያ በየሳምንቱ ራሱ ያሰላል። የሰርጉን ዘፈን አጠፋሁ። ድምፅ ቆርጬ ጠበቅሁት፤ ዝም አለ። የሙከራ ማስጠንቀቂያ በውስጥ መስመር ላክሁበት፤ በዝናሽ ድምፅ በጥሩ አማርኛ ተናገረ። ዝናሽ የራሷን ድምፅ ስትሰማ ፊቷን አዞረች።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ጠባቂው ከተኛ፣ በሰንበት መሀል ሳጥኑ እውነት ቢበላሽ ማን ያውቃል? የጤና ዝምታና የሞት ዝምታ ለሚሰማው ሰው አንድ ናቸው። ሳጥኑ ብልሽት ሲያገኘው ወደ አንድ ስልክ መልእክት መላክ ይችላል፤ ያ ሰው ከስልኩ ሆኖ መልሶ ሊያስነሣው ይችላል። ግን የማን ስልክ? የኩባንያችን የቅዳሜ ተረኛ ትልልቆቹን ጣቢያዎች ብቻ ነው የሚጠብቀው። አለቃዬን ደውዬ ለመንኩት፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። የዚህ ጣቢያ ሰዎች ሦስቱም ስልካቸው በሰንበት ዝግ ነው።

ቁጥር የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ከዚያ የራሴን ጻፍኩ።

ዝናሽ አየችኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃለች፤ እናቷና እናቴ አንድ መንደር ናቸው። ማሠራጫውን ዛሬ እንደማታጠፋው ብቻ ነገረችኝ።

ቀትር፣ ገበያ

ባዶ እጅ ሐዘንተኛ ቤት አይኬድም፤ ወደ እማማ ይታይሽ ከመሄዳችን በፊት ከዝናሽ ጋር ገበያ ገባን። ዓርብ የሐደራ ገበያ ሰው በሰው ላይ ነው። ድንብላል፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ዓሣ፤ የሚጮኸው ሻጭ ብዙ፣ የሚስቅ ገዢ ጥቂት። አንዷ ሴትዮ የዘንቢሏ ጆሮ ተቆርጦ ብርቱካኑ ሲበተን ማንም ጎንበስ አላለላትም። እኔም አላልኩም፤ ተቻኩዬ ነበር። አሁን ስጽፈው ቅር ይለኛል።

የሰፈሩን የአይሁድ ቄስ እዚያው አገኘናቸው፤ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደ ጠመጠሙ ቲማቲም ይመርጣሉ። እጃቸውን ሳምን። ዝናሽ ነገሩን በሙሉ አስረዳቻቸው። የሰርጉ ዘፈን እንደማይመለስ ማልኩላቸው። ራዲዮኑ ከሰንበት በፊት ተከፍቶ ዝም ካለ ችግር የለውም አሉ፤ ድሮም የፈቀዱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ማን ይጠብቀዋል ብለው ጠየቁ። እኔ አልኩ። በሰንበት? አዎ። ቲማቲሙን መልሰው አስቀመጡት። ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል፤ ይህን ሕጉ ያውቀዋል አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ ሕጉ ይፈቅድልሃል እንጂ አይሸከምልህም አሉኝ።

ከገበያው ስንወጣ አንድ ኪሎ ብርቱካንና ዳቦ ይዘናል። ወደ አሽቀሎን የሚወስደኝ የመጨረሻው ባቡር ሊደርስ ብዙም አልቀረውም።

እማማ ይታይሽ ቤት

ደረጃው ጠባብ ነው፤ መብራቱ እየበራ ይጠፋል። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ እኔ ራሴ አለከለክሁ። ከላይ ወደ ታች አየሁና ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ይህን በምን ጊዜ ይወርዱታል ብዬ አሰብኩ። ካወቁ ይወርዱታል፤ ነገሩ ማወቁ ነው።

እማማ ጥቁር ለብሰዋል። ትንሽ ናቸው፤ እጃቸው ግን ትልቅ ነው። በቀኝ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ መናገር ነበረብኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው አልተለወጠም። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሳጥኑ የእኔ ባይሆንም፣ የሳጥን ይቅርታ የሚጠይቅ ሌላ ማን አለ?

«ልጄ፣ ባሌን ማክሰኞ ቀበርሁ» አሉኝ። «ሰንበት ነው ብዬ እንባዬን ዋጥሁ። ልቅሶ በሰንበት አይሆንም። ራዲዮናችሁ ግን ዘፈነ። እኔ ማልቀስ ተከልክዬ እሱ መዝፈን ተፈቀደለት።»

ዝናሽ ቀስ ብላ ያለፈውን ቅዳሜ አነሣችባቸው፤ ልጆቻቸው ምን እንደሚሰማቸው፣ ጎረቤቶቹ እንዴት እንደደነገጡ። በመጨረሻ እማማ በአገጫቸው ወደ ቁም ሣጥኑ አናት አመለከቱ። ወንበር ላይ ወጣሁ። ራዲዮኑ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል። አውርጄ ፈታሁት። አልጋቸው ራስጌ አስቀምጬ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ሰካሁት፤ የዝናሽ ጣቢያ የሰንበት መግቢያ ሰዓት ሲነግር ተሰማ።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ሰዓቴን አየሁ። እማማ ግን ጥያቄ ነበራቸው።

ከአሁን በኋላ ዝም ሲል ዝምታው ሰላም ይሁን ብልሽት በምን አውቃለሁ አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከተበላሸ ስልኬ ይነግረኛል፣ ወዲያው አስተካክለዋለሁ አልኳቸው። ይስተካከላል ብቻ ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው በቀረ።

«በሰንበት?»

«ቄሱ ፈቅደዋል፣ እማማ።»

«እሳቸው ይፍቀዱ፤ እሳቸው ያውቃሉ። እኔ ግን የሰው ልጅ ሰንበት በእኔ ሰበብ አይሻርም። ስንት ቀን ልኖር ነው?» አሉና እጃቸውን ዘርግተው ሽቦውን ከግድግዳው ነቀሉ። ድምፁ ጠፋ። ነጠላውን ያነሡ ጀመር።

ዝናሽ አየችኝ። ጊዜ የለም። እሳቸው ነጠላውን ራዲዮኑ ላይ እያለበሱ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጠየቁኝ።

«አንተ ሰንበት ትጠብቃለህ?»

«አልጠብቅም፣ እማማ» አልኳቸው። «ከወታደር ቤት ጀምሬ ትቻለሁ። ስልኬ ድሮም አይጠፋም። በእርስዎ ምክንያት የሚሻር ነገር የለም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ በዚህ ግን ዋሽቼ አላውቅም። እማማ ነጠላውን እንደ ያዙ ዞረው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«እናትህ ይህን ያውቃሉ?»

«ሞተዋል።»

«እንኳን አላዩ» አሉ።

ከዚያ ነጠላውን አጣጥፈው አልጋው ላይ አኖሩና ሽቦውን መልሰው ሰኩት። ቁልፉን ራሳቸው አዞሩ። ብርቱካኑን ተቀበሉኝ፤ ዳቦውን ግን ሰንበት ከሚሽር እጅ አልፈለጉትም መሰለኝ፣ ለዝናሽ ሰጧት። ስወጣ እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ራሴን ዳብሰው፣ ሰንበትን የሚያስታውስ ልብ ይስጥህ ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ደረጃውን ስንወርድ ዝናሽ ከኋላዬ ነበረች። ምድር ስንደርስ የሻንጣዬን አንድ ጎን ይዛልኝ እስከ ሙኒቱ ሸኘችኝ። እንዳላለቅስ ፈርታ ይሁን ራሷ እንዳታለቅስ ፈርታ አላውቅም፣ ስለ አየሩ አወራችኝ።

መመለሻ

የመጨረሻው ባቡር ጢም ብሏል፤ እስከ ቴል አቪቭ ቆሜ መጣሁ። የባሕር ዛፎቹ አለፉ፣ የብርቱካን እርሻዎቹ አለፉ፣ ዝናቡም ጀመረ። ለሚስቴ ልደውልላት አስቤ ተውኩት፤ ሰው ትከሻ ላይ ተደግፎ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። ቄሱ የፈቀዱት ነገር ነው፣ ኃጢአት አይደለም እያልኩ ለራሴ ደጋገምኩት። እውነት ነው፤ ኃጢአት አይደለም። እማማ ያሉት ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እናቴ የማታውቀውን ነገር ሠርቼ፣ ባለማየቷ «እንኳን» ተባለልኝ።

አሽቀሎን ስደርስ መንገዱ ጭር ብሏል። ሱቆች ተዘግተዋል። ጫማዬ ውኃ አዝሎ ቤቴ ገባሁ። ማዕዱ ቀርቧል፤ ልጆቼ ታጥበው ነጭ ለብሰዋል። ሚስቴ ተመስገን አለችና እርጥቡን ጃኬቴን ተቀበለችኝ። ከዚያ ዓርብ ዓርብ እንደምታደርገው የሳሎኑን መሳቢያ ከፍታ ቆመች። ልጆቹ ስልካቸውን አጥፍተው አስገቡ። የራሷን አስገባች። እኔን ጠበቀች፤ የእኔ ስልክ ግን ኪሴ ውስጥ እንደ በራ ነው።

ልነግራት ነበር። ግን ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው፣ ሻማውም አልተለኮሰም፣ ነገሩ ደግሞ ረጅም ነው።

«ዝጊው» አልኳት።

ፊቴን አየች። ልጆቹም አዩኝ። መሳቢያውን ቀስ ብላ ዘጋችና ክብሪቱን አነሣች።